ቀለሙን ሳይሆን ብረቱን እንይ
ያገለገሉ የኮርሳ ብስክሌቶችን ፈልጎ ስለማግኘትና ለይቶ ስለማወቅ የተደረገ ንግግር

(ከዚህ በታች የቀረበው በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ፣ በሰፈራችን ለብዙ ዘመን ብስክሌት ሲጠግኑ የኖሩ አባላችን ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች ይጠቅማል ተብሎ ስለታመነበት እንደተነገረ ተጽፎ በሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



እኔ ንግግር አዋቂ አይደለሁም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ቡሎንና ዳዶ ስፈታ ነው። ስለዚህ ቃላት ቢደነቃቀፍብኝ ይቅር በሉኝ። ወረቀት ላይ ጥቂት ነገር ጽፌያለሁ፤ የቀረውን ግን እንደ አመጣጡ እናገራለሁ።

ዛሬ ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው ይህ የተሰበረ የብስክሌት ሹካ ነው፤ ማለት የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘው ብረት። ሁለተኛው ይህ ትንሽ የማርሽ ቀያሪ ነው። ሦስተኛው ከተቃጠለ ስፒከር ውስጥ ያወጣሁት ማግኔት ነው። ከሦስቱ ሁለቱ የሰፈራችንን ሰው ጉዳት የሚናገሩ ናቸው። ሦስተኛው ጉዳቱን ሊከላከል ይችል የነበረ ነው፤ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም።

በሹካው ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የሰፈራችን እናት ልጃቸውን አስከትለው ደጄ ድረስ መጡ። ልጁ አንድ ያገለገለ የኮርሳ ብስክሌት እየገፋ ነበር። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ እቁብ የወጣልኝን ሁሉ ላወጣበት ነው፤ ደህና ነው ወይ?» አሉኝ። እኔም አየሁት። ቀለሙ ያንን ሰማያዊ አረንጓዴ የሚመስል የቢያንኪ ቀለም ነው። ስሙም በትልቁ ተጽፎበታል። ደስ አለኝ፤ ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ ብስክሌት ሳይ ልቤ ይቆም ነበርና። ጎማውን አሽከረከርኩ፣ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አደረግኩ። «እቴ፣ ይህማ ስመ ጥር ዕቃ ነው፣ ይግዙት» አልኳቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ቁልቁለት ሲወርድ ሹካው ከአንገቱ ሥር ተቆረጠ። ሁለት ጥርሱን አጣ፣ የትከሻውም አጥንት ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ድኗል፤ ዛሬ እዚህ መካከላችሁ ተቀምጧል፤ እንዳላሳፍረው አልጠራውም። ሹካውን አምጥቼ ቀለሙን ፋቅኩት። ከዚህ በፊት ተሰብሮ በኤሌክትሪክ ተበይዶ፣ በላዩ ስቱኮ ተለጥፎ፣ ተስተካክሎ የተቀባ ኖሯል። ቴላዮውንም ሳየው ቢያንኪ አልነበረም። ተራ የጭነት ብስክሌት ቱቦ ነው። ስሙ ከተቀባበት ቀለም በቀር የቢያንኪ ነገር አልነበረበትም።

ሻጩ በድሏል፤ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ቀለም አነበብኩ። ሴትየዋ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ጋሼ እንዴት ዋሉ» ይሉኛል። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። እንግዲህ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያን ቀን ማድረግ የነበረብኝን ለሁላችሁ ለመናገር ነው።

ሁለተኛው ይህ የማርሽ ቀያሪ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ባለቤታቸው ያረፉባቸው አንዲት አረጋዊት እናት፣ ሟቹ በወጣትነታቸው ይወዳደሩበት የነበረውን ብስክሌት ከጓሮ አውጥተው ለልዋጭ ሰጡት። በምን ለወጡት? በሁለት የፕላስቲክ ሳፋ! ከመሳቢያ ውስጥ የቀረውን ይህን ቁራጭ «ለምን ይሆናል?» ብለው ሲያመጡልኝ ገልብጬ አየሁት። «ካምፓኞሎ» ይላል፤ ከሥሩም «ፓተንት 74» ይላል። ይህ ማለት የ1974 ዕቃ ነው። ወደ ምናለሽ ተራ ሮጥኩ፤ ብስክሌቱ ግን ተቆራርጦ ለብረት ሄዷል። ዋጋውን ተዉት። የባላቸው መታሰቢያ ነበር።

ስለዚህ አንዷ ባለማወቅ አብዝተው ከፈሉ፣ ሌላዋ ባለማወቅ በከንቱ ሰጡ። የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው፤ ብስክሌቱን የሚናገርላቸው ሰው አልነበረም። ነገር ግን ብስክሌት ራሱ ይናገራል። ቀለም ይዋሻል፣ ብረት አይዋሽም። የምላችሁ ነገር ሁሉ በዚህ አንድ ቃል ይጠቃለላል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ዕቃዎቹ ላይ የተመታው እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ኮርሳ የምንለው ከየት መጣ?

ቃሉን ራሱን ተመልከቱት፤ ኮርሳ በኢጣሊያንኛ እሽቅድድም ማለት ነው። ቴላዮ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ የምንላቸውም ከዚያው የመጡ ናቸው። ኢጣሊያኖች ብስክሌቱን ሲያመጡ ስሙንም ይዘው መጡ። አሥመራ ላይ የብስክሌት እሽቅድድም ሥር ሰዶ በ1946 የኤርትራ ዙር ውድድር ተጀመረ። አገራችን በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋራ ብስክሌተኞችም ልካለች። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጸጋቡ ግርማይ በ2016 በፈረንሳይ ዙር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እንግዲህ በየጓሮአችንና በየአልጋችን ሥር የተኛው አሮጌ ብረት ባዕድ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

ያን ጊዜ የመጡት ብስክሌቶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ ቀጥ ያለ መሪ ያላቸው፣ 18 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝኑ የሥራ ብስክሌቶች ናቸው። የእንግሊዞቹ ራሌይ፣ ኋላም የቻይናዎቹ ፊኒክስና በራሪ ርግብ የተባሉት ከዚህ ይመደባሉ። ጠንካሮች ናቸው፣ አልንቃቸውም። ሁለተኞቹ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ መሪ ያላቸው፣ ደህና ከሆኑ 10 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ኮርሳዎች ናቸው። ማጭበርበሩ የሚበዛው ሁለተኛውን መስሎ በሚቀርብ አንደኛ ነው። መሪውን ቀይሮ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ስም ለጥፎ ማቅረብ ቀላል ነውና።

ብረቱን እንዴት እናነበዋለን?

በሽምግልና ጊዜ በአንድ ምስክር እንደማይፈረድ ሁሉ፣ በብስክሌትም አንድ ምልክት አይበቃም። ቢያንስ ሦስት ምስክር ጥሩ። በቡሎን የሚታሰር ዕቃ ሁሉ ሊቀየር ይችላል፤ ስለዚህ ምስክርነቱ ደካማ ነው። ከቴላዮው ጋራ አብሮ የተበየደ ግን አይቀየርም፤ ምስክርነቱም ጠንካራ ነው።

አንደኛ፣ መጋጠሚያዎቹን ተመልከቱ። የጥንቱ ደህና ኮርሳ ቱቦዎቹ እርስ በርስ የሚገናኙት በብረት እጅጌ ውስጥ ገብተው በናስ ወይም በብር ቅይጥ ተበይደው ነው። የእጅጌው ጫፍ ሹልና ቀጭን ሆኖ በሞረድ የተስተካከለ ከሆነ ሠሪው ጊዜ ወስዶበታል። ጫፉ ወፍራምና የተደፈነ ከሆነ በችኮላ የተሠራ ነው። እጅጌ የሌለው፣ ቱቦና ቱቦ እንዲሁ ተገጣጥሞ የተበየደ አሮጌ ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ ነው፤ ጥቂት የተከበሩ ቢኖሩም።

ሁለተኛ፣ የኋላ ጎማው የሚገባበትን ጆሮ እዩ። ከወፍራም ብረት ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው ወይስ ከላሜራ የተቆረጠ? ተቀጥቅጦ የተሠራው ላይ ብዙ ጊዜ የሠሪው ስም ተመትቶበታል። «ካምፓኞሎ» የሚል ካለበት ቴላዮው ገና ሲሠራ ገንዘብ የወጣበት መሆኑን ያስረዳል፤ ጆሮው ከቴላዮው ጋራ የተበየደ ነውና። የማርሽ ቀያሪው የሚንጠለጠልበት ቀዳዳ ከጆሮው ጋራ አንድ ከሆነ ጥሩ ነው። ተጨማሪ ላሜራ በቡሎን ታስሮ ከተንጠለጠለ ግን የዝቅተኛ ደረጃ ምልክት ነው።

ሦስተኛ፣ የኮርቻውን እግር አውጡ። ይህ ሁሉም ሰው ሊያደርገው የሚችል፣ ሻጭም የማያስበው ፈተና ነው። በእግሩ ላይ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ተመትቶ ይገኛል፤ ካልተመታ በካሊፐር ይለካል። 27.2 የሚል ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። የቱቦው የውጭ ስፋት ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ የሚገባበት እግር ወፍራም ከሆነ የቱቦው ግድግዳ ስስ ነው ማለት ነው። ስስ ቱቦ ደግሞ ውድ ብረት ይጠይቃል። 25 ወይም 26 ከሆነ ግድግዳው ወፍራም፣ ብረቱም ተራ የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው። እግሩን ካወጣችሁ ዘንድ በባትሪ ወደ ውስጥ አብሩ፤ የውስጥ ዝገቱ እዚያ ይታያል። እግሩ አልወጣ ካለ ደግሞ ያ ራሱ መልስ ነው። አሉሚኒየሙ ከብረቱ ጋራ ተጣብቋል፤ ለማውጣት ብዙ መከራ አለው። ዋጋ አስቀንሱ፣ ወይም ተዉት።

እዚህ ላይ ስለ ቱቦ ሁለት ስም ልንገራችሁ። ሬይኖልድስ 531 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የሚሠራ፣ በ1935 የወጣ ቱቦ ነው። ኮሎምቡስ የሚላኖ ነው፤ ምልክቱም ርግብ ናት። የኮሎምቡስ ኤስ ኤል የሚባለው ግድግዳው ጫፍና ጫፉ ላይ 0.9 ሚሊ ሜትር፣ መካከሉ 0.6 ብቻ ነው። ኃይል በሚበዛበት ወፍሮ፣ በማይበዛበት ሳስቶ የተሠራ ማለት ነው። ተለጣፊ ወረቀቱን ማንም ያሳትመዋልና በእሱ አትመኑ። ብስክሌቱን ገልብጡና ከፊት ሹካው ሥር በአንገቱ ቱቦ ውስጥ ወደ ላይ ተመልከቱ። በብዙዎቹ የኮሎምቡስ ኮርሳዎች ውስጥ እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ የሚጠማዘዝ መስመር ይታያል። ይህን ቀለም ቀቢ ሊሠራው አይችልም።

አራተኛ፣ የፔዳሉን ቤት ለኩ፤ አገሩን ይነግራችኋል። ፔዳሉ የሚዞርበት የታችኛው በርሜል ከጎን ወደ ጎን 70 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኢጣሊያዊ ነው። 68 ከሆነ የእንግሊዝ ወይም የፈረንሳይ አሠራር ነው። እነዚህን የሚለያቸው የቡሎኑ ጥርስ ነው። በእንግሊዙ አሠራር በሰንሰለቱ በኩል ያለው ክዳን በተቃራኒው ነው የሚፈታው። የኢጣሊያውና የፈረንሳዩ ሁለቱም ወገን እንደ ተራ ቡሎን ይፈታሉ። ጥርሱም አንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ የኢጣሊያው ስፋት 36 ሚሊ ሜትር፣ የፈረንሳዩ 35፣ የእንግሊዙ ከ35 ጥቂት ያነሰ ነው። ወጣት ጠጋኞቻችን ይህን ልብ በሉ! አልፈታ ያለን ክዳን በመዶሻ ከመምታታችሁ በፊት ወዴት እንደሚፈታ እወቁ። ስንት ጥሩ ቴላዮ በዚህ ምክንያት ሲበላሽ አይቻለሁ፤ አንዱን ያበላሸሁትም እኔው ነኝ።

ታዲያ «ቢያንኪ ነው» ተብሎ 68 ቢመጣ ውሸት ነው ማለት ነው? ወዲያው አይባልም። በ1980ዎቹ ጃፓን ውስጥ ተሠርተው በኢጣሊያ ስም የተሸጡ አሉ። ስለዚህ ነው ሦስት ምስክር ያልኳችሁ። የጃፓኖቹን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ሚያታ፣ ፉጂ፣ ፓናሶኒክ የሚል ካያችሁ አትለፉት። ስማቸው እንደ ኢጣሊያኖቹ አይጮኽም፤ የ1980ዎቹ ሥራቸው ግን ንጹሕ ነው። ዋጋቸውም ገር ነው። እውነተኛ ፉጂ ከሐሰተኛ ቢያንኪ ይሻላል።

የፈረንሳዩን ፔጆ ለሚገዛ ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ቴላዮው ብዙ ጊዜ መልካም ነው። ነገር ግን የመሪው እግር 22.0 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሌሎቹ 22.2 ነው። የሌላውን በግድ ቢያስገቡት አንገቱን ይሰነጥቀዋል። ሲምፕሌክስ የሚባለው ማርሽ ቀያሪያቸውም በአብዛኛው ፕላስቲክ ስለሆነ በዕድሜ ይሰነጠቃል።

አምስተኛ፣ ዕድሜውን ፈልጉ። እነሆ ቀላሉ መንገድ። የማርሽ መቀየሪያው ቁልቁል በሚወርደው ቱቦ ላይ ከሆነ ብስክሌቱ በአብዛኛው ከ1990 ወዲህ አይደለም፤ ከፍሬኑ እጀታ ጋራ አንድ ላይ የሆነውን ሺማኖ ያወጣው በ1990 ነውና። የፍሬኑ ሽቦ ከእጀታው አናት ወጥቶ በአየር ላይ የሚታጠፍ ከሆነ የቆየ አሠራር ነው፤ በመሪው ጥቅል ሥር የተደበቀ ከሆነ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያለውን ያመለክታል። በሁለቱ የኋላ ጆሮዎች መካከል ያለውን ስፋትም ለኩ። 120 ሚሊ ሜትር ከሆነ ባለ አምስት ጥርስ ዘመን ነው። 126 ከሆነ ባለ ስድስትና ባለ ሰባት፣ 130 ከሆነ ባለ ስምንትና ከዚያ በላይ ነው።

ከዚያ ዕቃዎቹን ገልብጡ። ሺማኖ በዕቃው ጀርባ ሁለት የላቲን ፊደል ይመታል። የመጀመሪያው ዓመቱ ነው፤ ኤ 1976፣ ቢ 1977፣ ሲ 1978 እያለ ይሄዳል። ሁለተኛው ወሩ ነው፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ እያለ። ስለዚህ «ኤፍ ሲ» የሚል ካገኛችሁ ማርች 1981 ነው። የካምፓኞሎን ማርሽ ቀያሪ ቅድም አሳይቻችኋለሁ። በእንግሊዞቹ የሥራ ብስክሌቶች ላይ ያለው ስተርሜይ አርቸር የሚባለው ባለ ሦስት ማርሽ የኋላ እምብርትም ዓመቱን በቁጥር ይዞ ይገኛል። እነዚህ ግን የዕቃው ዕድሜ እንጂ የቴላዮው አይደሉም። ሁለት ሦስቱ አንድ ዓመት ላይ ከተስማሙ ብስክሌቱ ሳይነካካ የኖረ ነው። አንዱ 1975፣ ሌላው 1988 ካለ የተጠራቀመ ነው። የተጠራቀመ መጥፎ ነው አልልም፤ ዋጋው ግን እንደ ሙሉው አይሆንም።

ስብራቱን እንዴት እናገኛለን?

ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። አገሩንና ዕድሜውን ብንሳሳት ገንዘብ እናጣለን፤ እዚህ ላይ ብንሳሳት ልጅ እናጣለን።

ማግኔቱን በቴላዮውና በሹካው ላይ ሁሉ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ። ብረት ላይ ይጣበቃል፤ ስቱኮ ያለበት ላይ ሲደርስ ይላላል። የላላበትን ቦታ ፋቁ፣ ወይም አስፍቁ። ሻጩ እንቢ ካለ ብስክሌቱን መልሱለት። ያን ቀን ይህን ማግኔት ይዤ ቢሆን ኖሮ ይህ ሹካ ዛሬ እጄ ላይ አይገኝም ነበር።

ከመሪው አንገት ጀርባ፣ አግድሙና ቁልቁል የሚወርደው ቱቦ ከሥር በኩል በጣታችሁ ዳስሱ። ብስክሌቱ በፊቱ ተጋጭቶ ከሆነ ቱቦው እዚያ ላይ ያብጣል ወይም ይሸበሸባል፤ ዓይን ባያየው ጣት ያገኘዋል። ከጎን ቆማችሁም ሹካውን እዩት። ከአንገቱ ጋራ ቀጥ ብሎ ወርዶ ጫፉ ላይ ብቻ ወደ ፊት መታጠፍ አለበት። ከላይ ጀምሮ ወደ ኋላ የተገፋ ከሆነ ተመትቷል።

ቀጥሎ ክር ውሰዱ፤ የልብስ ስፌት ክር ይበቃል። ከአንዱ የኋላ ጆሮ አስሩና በመሪው አንገት ዙሪያ አዙራችሁ ወደ ሌላው ጆሮ መልሱት፤ ወጥሩት። ከዚያ በክሩና በኮርቻው ቱቦ መካከል ያለውን ርቀት ግራና ቀኝ ለኩ። እኩል ከሆነ ቴላዮው ቀጥ ያለ ነው። የአንድ ወይም የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት አያስጨንቅም። ከዚያ በላይ ከሆነ ተጣሟል።

የመሪውንና የመሪውን እግር አሉሚኒየምም አትርሱ። ብረት ከመሰበሩ በፊት ብዙ ጊዜ ይጎብጣል፤ አሉሚኒየም ግን ሳይናገር ይቆረጣል። ሃምሳ ዓመት የሆነው መሪ ላይ መሪው የሚታሰርበትን መካከሉን ጥቅሉን ፈታችሁ፣ ዘይቱን ጠርጋችሁ እዩት። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካለ ለጌጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀል እንጂ አይነዳ።

ስለ ጎማም ባጭሩ ልናገር። በጎማው ጎን ላይ 622፣ 630 ወይም 635 የሚል ቁጥር ፈልጉ። 635 የሥራው ብስክሌት ጎማ ነው። 622 ሰባት መቶ የሚሉት፣ ዛሬ የኮርሳ ደረጃ የሆነው ነው። 630 ደግሞ የድሮው ባለ 27 ኢንች ነው፤ ጎማው እንደ ልብ አይገኝም። የስምንት ሚሊ ሜትር ልዩነት ብትመስልም አንዱ በሌላው ላይ አይገባም። በሙጫ የሚለጠፍ የተሰፋ ጎማ ያለው ከሆነ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ተለዋጭ ከየት እንደምታመጡ አስቡ። ብስክሌት ገዝቶ በጎማ እጦት ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው አውቃለሁ።

ከየት ይገኛል?

ምናለሽ ተራ አለ፤ በየጊዜው ከአውሮፓ ከሌላ ዕቃ ጋራ የሚመጣም አለ። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ሲመጡ ፈታተው በካርቶን እንዲያመጡላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። እኔ ግን ከሁሉ የተሻለው ከባለቤቱ ቤት የሚገኘው ነው እላለሁ። «በማን ነበር? ማን ነዳው? መቼ ተገዛ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላልና። ሰው ስለ ብስክሌቱ የሚናገረው ከብረቱ ጋራ ከተስማማ ልባችሁ ያርፋል።

የተሰረቀ እንዳይሆንም ተጠንቀቁ። የቴላዮው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከፔዳሉ ቤት ሥር፣ አንዳንዴም በኮርቻው ቱቦ አናት ወይም በኋላ ጆሮው ላይ ይመታል። ቁጥሩ በሞረድ ተፍቆ ካገኛችሁት፣ ብስክሌቱ ምንም ቢያምር እጃችሁን አንሱ። ስትገዙም በሁለት ምስክር ፊት ቁጥሩ ያለበት ወረቀት አጻጽፉ። ብስክሌት ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ገልብጣችሁ ቁጥራችሁን ጻፉና ከደብተራችሁ ጋራ አስቀምጡ። ቢጠፋ ሌላ ማስረጃ የላችሁም።

አንድ ሰው ቅድም ውጭ ላይ ጠይቀውኝ ነበር፤ «ይህን ሁሉ ከምንማር አዲስ ለምን አንገዛም?» አሉ። መልካም ጥያቄ ነው። አቅም ያለው አዲስ ይግዛ። ነገር ግን አዲሱ ርካሽ ከሆነ ከባድ ነው፤ ቀላል ከሆነ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ጥሩ አሮጌ ኮርሳ በመካከሉ ነው ያለው። ብረት ስለሆነ ቢጎብጥ ይቃናል፤ ቢሰበርም የሚያውቅ ሰው በናስ ይበይደዋል። ሹካና መሪን ግን አላስበይድም፤ ይቀየራሉ እንጂ አይጠገኑም። ይህን ከደሜ ጋራ ተምሬዋለሁ።

አሁን ልጨርስ ነው። ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ አሮጌ ብስክሌት በቤታችሁ ካለ ልዋጩ ደጃፋችሁ ላይ ቆሞ ሲጣራ ቸኩላችሁ አትስጡ። አንድ ቀን አሳድሩትና አሳዩኝ። ምናልባት የሳፋ ዋጋ ብቻ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ሳፋችሁን ትቀበላላችሁ። ምናልባት ግን የአባታችሁ ወጣትነት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ያገለገለ ብስክሌት ለልጃችሁ ልትገዙ ስታስቡ ብሩ ከእጃችሁ ሳይወጣ አምጡልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደጄ ላይ እገኛለሁ፤ ገንዘብ አልቀበልም። ክሩን ይዛችሁ ኑ፣ ማግኔቱ ከእኔ ነው። ወጣቶችም አብራችሁኝ ብትቆሙ ደስ ይለኛል። እኔ ዓይኔ እየደከመ ነው። ይህ ዕውቀት ከእኔ ጋራ ከቀረ ደግሞ ነገ ሌላ ሰው ቀለም አንብቦ «ይግዙት» ይላል።

ይህን የተሰበረ ሹካ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እሰጣለሁ። በሰሌዳው አጠገብ ይሰቀል። የሚያልፍ ሁሉ ይየው።